የሰው ኃይል ክፍል ተጠሪነቱ ለማን ነው? ከወልቂጤና ከቡታጅራ ሲታይ

ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ላይ በባንክ፣ በኢንሹራንስ ወይም በሌላ አክሲዮን ማኅበር ቅርንጫፍ የሚሠራ ሰው የቀጠረውንም ሊያሰናብተው የሚችለውንም ክፍል በአካል ላያውቀው ይችላል። የሰው ኃይል መምሪያው ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ከወልቂጤ ወደ 160፣ ከቡታጅራ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ የቀሪ ሪፖርት ይልካል፣ የፈቃድ ቅጽ ያስሞላል፤ ዝውውርና ስንብት ሲመጣ ግን ደብዳቤ አቀባይ ነው። «ከላይ ነው የመጣው» ይላል፤ ብዙውን ጊዜም እውነቱን ነው። ሆቴሉ፣ ወፍጮ ቤቱና የግል ትምህርት ቤቱ ጋ ደግሞ ፐርሶኔል የሚባል ነገር የለም። ቀጣሪውም፣ ከፋዩም፣ ቀጪውም ባለቤቱ ነው፤ ካልሆነም ዘመዱ።

በሕጉ ዓይን ሁለቱ አንድ ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግዴታውን የጫነው አሠሪው ላይ ነው፤ የሰው ኃይል ክፍሉ ወክሎ ይፈርማል፣ ስህተት ሲገኝ ድርጅቱ ይከፍላል። በ1956 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 210 ከወጣ በኋላ ሕጉ በ1968፣ በ1985፣ በ1996 እና በ2011 ተቀያይሯል፤ ደብዳቤውን የጻፈው ሰው ግን ዛሬም ከጀርባ ነው። ለእኔ የተጠያቂነቱ ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ቁጥጥሩ በተግባር የሚያርፈው ወረቀት ላይ ነው። አንድን ሠራተኛ ያለማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ከሚበቁት ምክንያቶች መካከል በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን መቅረት ወይም ስምንት ጊዜ ማርፈድ ይገኙበታል፤ ሁለቱም የሚሠሩት ግን ሠራተኛው በጽሑፍ እየተነገረው ከደገመ ነው። አሠሪው ምክንያቱን ካወቀ በኋላ 30 የሥራ ቀን ካሳለፈ ደግሞ የማሰናበት መብቱ ይቀራል። ስለዚህ በክርክር ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው የደብዳቤው ወጪ ቁጥር፣ ቀኑ እና «ደርሶኛል» የሚለው ፊርማ ነው። የሠራተኛ ጉዳይ የያዙ ጠበቆች የሚፈልጉትም ይህንኑ ነው፦ የመጋቢት ቀን የተጻፈበት ማስጠንቀቂያ፣ ወጪ ቁጥሩ ግን ከሰኔ ደብዳቤዎች መሀል የተወሰደ። ስንብቱ ሕገ ወጥ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ሠራተኛውን ወደ ሥራው ሊመልሰው፣ አለዚያም የ180 ቀን አማካይ ደመወዝ ካሳ ሊያስከፍል ይችላል። ክፍያው ከድርጅቱ ካዝና ይወጣል፤ ቀኑን ወደ ኋላ የጻፈው ግን በውስጥ ዲሲፕሊን ካልተያዘ በቀር ብዙውን ጊዜ ጠያቂ የለውም።

ከፍርድ ቤት በፊት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ አለ። መታወቂያውን አሳይቶ፣ ሳያስታውቅ፣ በሥራ ሰዓት የትኛውም የሥራ ቦታ መግባትና መዝገብ ማየት ይችላል፤ ጉድለት ካገኘም እንዲታረም ያዛል። ለፋብሪካና ለግንባታ ይህ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ያልታጠረ ማሽንና የራስ ቁር ያላደረገ ሠራተኛ በዓይን ይታያል። ማህደሩ አዲስ አበባ የተቀመጠ የቅርንጫፍ ሠራተኛ ጉዳይ ሲሆን ግን ተቆጣጣሪው የሚያገኘው የሰዓት መፈረሚያውን ብቻ ነው። የደቡብ ክልል ተከፋፍሎ በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት፣ ቡታጅራም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ስትሆን መሥሪያ ቤቶች እንደገና ተደራጅተዋል። የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ስም ምንም ይሁን ምን ሰው ዛሬም «ሠራተኛና ማኅበራዊ» ብሎ ነው የሚጠራው።

በጉራጌ አገር ሌላም መንገድ አለ፦ ሽምግልና። የጆካን የመሰለ ሸንጎ ያለው ሕዝብ አለመግባባትን በሽማግሌ መጨረስ ያውቅበታል፤ አሠሪና ሠራተኛ የአንድ ሰፈር ልጆች ሲሆኑማ ክስ መመሥረት ነውር ይመስላል። የእርቁ ዋጋ አያከራክርም። አደጋው ቀኑ ላይ ነው። «ወደ ሥራዬ ልመለስ» የሚል ክስ በሦስት ወር፣ ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በስድስት ወር በይርጋ ይታገዳል። ይርጋውን የሚያቋርጠው ጉዳዩ ሥልጣን ላለው አካል ሲቀርብ ወይም አሠሪው መብቱን በጽሑፍ ሲያምን ነው፤ ሽማግሌ መቀመጡ ብቻውን አያቋርጠውም። «ከበዓል በኋላ እናየዋለን» ሁለት ጊዜ ከተባለ ሦስቱ ወር አልቋል። ሽማግሌዎቹ በመጀመሪያው ቀን ከአሠሪው አንዲት የተፈረመች ወረቀት ቢቀበሉ ግን እርቁም ይርጋውም አይጣሉም።

የሠራተኛ ማኅበር ለመመሥረት አሥር ሠራተኛ ይበቃል። ማኅበሩ ኅብረት ስምምነት ከተደራደረ የዲሲፕሊን ኮሚቴና የዕድገት አሠራር ውስጥ ስለሚገባ፣ ክፍሉን ከውስጥ የሚያይ ዓይን የሚሆነው እሱ ነው። ስድስት ሰው ያለበት ሱቅ ግን ለብቻው ይህ ዕድል የለውም።

የጡረታ መዋጮም ሊታይ የሚገባው ነው። በግል ድርጅት ከሠራተኛው ደመወዝ 7 ከመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 ከመቶ ይጨምራል፤ የደመወዝ ወረቀቱ ላይ «ተቆርጧል» መባሉ ገቢ መደረጉን አያሳይም። በጉቦ መቅጠር ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ከሥራ ክርክር ያልፋል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 ከአባላት ወይም ከሕዝብ የተሰበሰበ ገንዘብ የሚያስተዳድሩ የግል ድርጅቶችን ይጨምራል፤ እድርን ግን በስም አውጥቶታል። እናም የሕዝብ አክሲዮን ባለው ባንክ ውስጥ ቅጥር የሚሸጥ ሰው እንደ መንግሥት ሹም በሙስና ሊከሰስ ይችላል። ድርጅቱን አልፎ ግለሰቡን ከሚይዙት ጥቂት ሕጎች አንዱ ይህ ነው።

የሰው ኃይል ኃላፊው ራሱስ? አዋጅ 1156 የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድና የማሰናበት ሥልጣን ያለውን «የሥራ መሪ» ብሎ ከሽፋኑ አውጥቶታል። የሌላውን ማህደር ይዞ ችሎት ሲቆም የኖረ ኃላፊ ሲሰናበት የሥራ ክርክር ችሎት አይቀበለውም፤ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይከራከራል፣ ለሠራተኛ በነጻ የሆነውን ዳኝነትም ይከፍላል። አለቃው «አሰናብተው» ሲለው «ሕጉ አይፈቅድም» ብሎ የሚመልስ ኃላፊ በብዛት የማይገኘው በዚህም ጭምር ነው።