የዩኒቨርሲቲው የኪነ ጥበብ ትርዒትና ቤተሰብ

የትምህርት ዘመኑ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ያለው ሩጫ ሌላ ነው። የሥዕል ተመራቂው ሸራውን ወጥሮ፣ ቀለሙን በጥብጦ እስከ እኩለ ሌሊት ሲጨነቅ ይቆያል። የሙዚቃ ተማሪዋ በመመረቂያዋ የምታሰማውን ዜማ ጣቶችዋ እስኪዝሉ ትደጋግማለች። የቴያትር ተማሪዎችም ቃለ ተውኔታቸውን በዛፍ ጥላ ሥር እየተመላለሱ ሲያጠኑ፣ ለማያውቃቸው መንገደኛ የተጣሉ ይመስላሉ። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ሥራው ለሕዝብ ይቀርባል፤ ዐውደ ርእዩ ይከፈታል፣ መጋረጃው ይገለጣል።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያየው ማን ነው? ብዙውን ጊዜ ተመልካቹ ራሳቸው ተማሪዎቹ፣ መምህራኑ፣ የሙያ ጓደኞቻቸውና ጥቂት የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። በየዕለቱ በስድስት ኪሎ በር ፊት በታክሲ የምታልፈው የቢሮ ሠራተኛ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጆችዋን የት እንደምታደርስ ግራ የገባት የቤት እመቤት፣ ጡረታ የወጡት አባት ግን «እኛ እዚያ ምን ልንሠራ?» ይላሉ። በሩን የከለከላቸው ሰው ኖሮ አይደለም። የተማረ ሰው ግቢ ነው ብለው ራሳቸው ስለሚመለሱ ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንነጋገርበት የፈለግነው ስለዚሁ ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው ጥቂት እንበል። ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ተቋም በ1943 ዓ.ም. በኮሌጅ ደረጃ ሥራ ጀመረ፤ በ1954 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት ሲያድግ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተሰጠው። የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ1967 ዓ.ም. ነው። በ1950ዎቹ የኮሌጅ ቀን በዓል ሲከበር ተማሪዎች ግጥማቸውን በሕዝብ ፊት ያነቡ፣ ይወዳደሩም ነበር። በዚያው ዘመን አጋማሽ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የኪነ ጥበብ ማእከል ተቋቁሞ፣ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የተባለው የባህል መሣሪያዎች ጓድ የተወለደው ከዚሁ ግቢ ነው። ክራሩን፣ መሰንቆውን፣ ዋሽንቱንና በገናውን በአንድ መድረክ ላይ አሰልፎ ማጫወት በዚያን ጊዜ አዲስ ነገር ነበር።

ቤተሰብን ይዞ ለሚመጣ ሰው ግን የመጀመሪያው መድረሻ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ቢሆን እንመርጣለን። ተቋሙ የተመሠረተው በ1955 ዓ.ም. ሲሆን የመጀመሪያው ዲሬክተር ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ሙዚየሙ የሚገኘው በቀድሞው ቤተ መንግሥት ሕንጻ ውስጥ ነው። ልጆች ገና ከመግባታቸው በፊት ከሕንጻው ፊት ለፊት የቆመውን ጠመዝማዛ የሲሚንቶ ደረጃ አይተው መጠየቃቸው አይቀርም። ፋሺስቶች ያቆሙት ነው፤ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ዓመት ጀምሮ ለያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ እየቆጠሩ ሠሩት። ከነጻነት በኋላ ኢትዮጵያውያን በጫፉ ላይ የአንበሳ ምስል አስቀመጡበት። ወዴትም የማያደርስ ደረጃ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተጣለው በዚሁ ግቢ መሆኑን ለልጅ በቦታው ቆሞ መንገር፣ ከመጽሐፍ ከሚነበበው ይልቅ ልብ ውስጥ ይቀራል።

ወደ ውስጥ ሲገቡ ዕቃዎቹ የተደረደሩት እንደ ሰው ዕድሜ ነው። ከልደትና ከሕፃንነት ይጀምርና በጉልምስናው፣ በጋብቻው፣ በሥራው በኩል አልፎ እስከ ሞትና ከሞት በኋላ እስካለው ሥርዓት ይዘልቃል። በሌላ በኩል የንጉሡና የእቴጌይቱ መኝታ ክፍሎች ይታያሉ፤ ከላይ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች፣ መስቀሎችና የሙዚቃ መሣሪያዎች አሉ። ብዙ ሰው የሚቸኩለው የንጉሡን አልጋ ለማየት ነው። ነገር ግን እናቶች ቆም ሊሉበት የሚገባው ከስፌቱና ከቤት ዕቃው ዘንድ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ለምን ቢባል፣ እዚያ አስጎብኚዋ እናት ራስዋ ናት። ሰንደዶ ምን እንደሆነ፣ አክርማ ከሰንደዶ እንዴት እንደሚለይ፣ አለላው በምን ቀለም እንደሚነከር፣ ወስፌው እንዴት እንደሚያዝ ከጽሑፉ ይልቅ የምታውቀው እርስዋ ወይም እናትዋ ናት። አያትየዋን ይዞ መሄድ ቢቻልማ የበለጠ ነው። ከተማ ተወልደው ያደጉ ልጆች እንጀራ የሚበሉበትን ሞሶብ ከገበያ እንደሚገዛ ዕቃ እንጂ ከእጅ እንደሚወጣ ጥበብ አያዩትም። አያት ከመስታወቱ ፊት ቆመው «ይህቺ አሰፋፍዋ የኛ አገር ናት፤ ያቺ ግን የሐረሮች ናት» ሲሉ፣ ልጁ አያቱን እንደ መምህር ማየት ይጀምራል። በሐረር ሴቶች የሚሰፉት የግድግዳ ስፌት በጥለቱ ረቂቅነት የታወቀ ስለሆነ እርሱን ከሌላው ማነጻጸር ለልጆች ጥሩ ጨዋታ ነው።

አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ያስገርመናል። በሥዕል ዐውደ ርእይ ውስጥ እያንዳንዱ ሸራ ከሥሩ የሠዓሊው ስም ተጽፎበታል። በሞሶቡ ላይ ግን የሰፊዋ ስም የለም። ዓመት ሙሉ በኩራዝ ብርሃን የሰፋችው ሴት ማን እንደሆነች የሚያውቅ የለም። ይህን ለሴት ልጅዋ የምታስረዳ እናት ብዙ ነገር አስረዳች ማለት ነው።

ከሙዚየሙ ወጥቶ ወደ ሥዕሉ ስንሻገር፣ በስድስት ኪሎ ከዋናው ግቢ ፊት ለፊት የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማእከል ይገኛል። ሐረር የተወለደው ገብረ ክርስቶስ በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ተምሮ ተመልሶ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ያስተማረ፣ ሠዓሊም ገጣሚም የነበረ ሰው ነው። በስደት አሜሪካ ሳለ በ1973 ዓ.ም. ዐረፈ። ጀርመን አገር የነበሩት ሥዕሎቹ ወደ አገራቸው ተመልሰው ማእከሉ በ2000 ዓ.ም. ተከፈተ። ሥዕሎቹ ሁሉ ሰውና ቤት የሚያሳዩ አይደሉም፤ ቀለምና ቅርጽ ብቻ ሆነው የሚቀሩም አሉባቸው። «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ከልጁ ይልቅ ከአባቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ልጆች ለእንዲህ ያለው ሥዕል ከኛ ይቀርባሉ። «የትኛው ቀለም ቀደመ? የትኛውስ ይጮኻል?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል፤ መልሱን እነርሱ ያመጡታል።

የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ራሱ በ1950 ዓ.ም. ግድም በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተ ነው። አለ በቺካጎ ተምረው የተመለሱ ሲሆን በ2008 ዓ.ም. አርፈዋል፤ ትምህርት ቤቱም በስማቸው ይጠራል። በዓመቱ ማለቂያ ተመራቂዎቹ የሥዕል፣ የቅርጻ ቅርጽና የኅትመት ሥራዎቻቸውን ያሳያሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዚያ ቤት የሴት ልጅ መታየት ብርቅ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ሴት ምሩቃን መካከል የምትቆጠረው ሠዓሊ ደስታ ሐጎስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የግል ዐውደ ርእይ በማሳየት ለኢትዮጵያ ሴቶች በር ከፋች ሆና ስምዋ ይነሣል።

እዚህ ላይ የአንድ የማውቀው ቤተሰብ ነገር ትዝ ይለኛል። ልጅቱ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች፤ የደብተርዋ ዳርና ዳር ሁሉ በሥዕል የተሞላ ነው። አባትየው «ሥዕል ደግሞ ሥራ ነው? ለመዝናኛ እንጂ!» ብለው አሻፈረኝ አሉ። እናትየው በሁለቱ መካከል ሆነው ቤቱ ሰላም ሲያጣ፣ ክርክሩን ትተው ባላቸውን «ለአንድ ሰዓት ብቻ» ብለው ወደ ተመራቂዎቹ ዐውደ ርእይ ይዘዋቸው ሄዱ። አባትየው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አንዱን ክፍል ካንዱ ክፍል ዞሩ። እንጀራ የምትጋግር ሴት በእንጨት ኅትመት ከተሠራችበት ፊት ቆመው ቆዩ፤ ከዚያም ሠሪዋን ልጅ አስጠርተው ስለ ሥዕሉ ምንም ሳይሉ «ወረቀቱና ቀለሙ ስንት ያወጣል? ማን ይከፍልልሻል? ስትጨርሺስ ምን ትበያለሽ?» እያሉ በጥያቄ ወጠሩዋት። ልጅቱ ሳታፍር መለሰች፤ ስላላገኘችውም ነገር አልዋሸችም።

አባትየው እስከ ዛሬ እሺ አላሉም። ይሁን እንጂ የቤቱ ክርክር ተለውጦአል። ቀድሞ ክርክሩ ስለ ክብርና ስለ ስም ነበር፤ አሁን ስለ እንጀራ ሆኖአል። በበኩሌ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው እላለሁ። የእንጀራው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነውና። የሥነ ጥበብ ምሩቅ ሁሉ በሥዕል ሽያጭ አይተዳደርም፤ የሚያስተምር አለ፣ በማስታወቂያና በመጽሐፍ ንድፍ የሚሠራ አለ፣ የመድረክ ጌጥ የሚያዘጋጅ አለ። ገቢው አንድ ወር ሞልቶ አንድ ወር ሊጎድል ይችላል። ወላጅ ይህን ከመንደር ወሬ ሳይሆን ከራሳቸው ከተመራቂዎቹ አፍ ቢሰማው ይሻላል። በተጨማሪም ወደ ሥዕልም ሆነ ወደ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚገባው ችሎታን በሚለይ ፈተና ስለሆነ፣ ልጅቱ የሣለቻቸውን ሥራዎች ከመጣል ይልቅ ሰብስቦ ማስቀመጥ የወላጅ ድርሻ ነው።

ወደ ሙዚቃው እንለፍ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ፒያኖውንና ቫዮሊኑን ብቻ ሳይሆን ክራርና መሰንቆ፣ ዋሽንትም ይማራሉ። የመመረቂያ ዝግጅታቸው ለቤተሰብ የሚመች ነው፤ አንዱ ተጫውቶ ሲጨርስ ሌላው ይተካል፣ ትንንሽ ልጆችም እስኪሰለቹ አይደርስም። ከመሄድ በፊት ልጆችን ትዝታን ከባቲ፣ አምባሰልን ከአንቺ ሆዬ እንዲለዩ በራዲዮ ማለማመድ ጥሩ ነው። መሰንቆ በአንድ ጭራ፣ ክራር በአምስት ወይም በስድስት፣ በገና በዐሥር አውታር መሆኑን አስቀድመው ካወቁ መድረኩ ላይ ራሳቸው ይቆጥሩታል።

«ሴት ልጅ መሣሪያ ይዛ መድረክ ላይ?» የሚለው አሮጌ ነቀፋ ዛሬም ከየቤቱ ጨርሶ አልወጣም። ይህን የሚሉ ሰዎች እቴጌ ጣይቱ በገና ደርዳሪ እንደ ነበሩ የዘነጉ ይመስላል። በቴያትሩም በኩል የሴት ገጸ ባሕርይን ወንድ ለብሶ ይጫወት በነበረበት በ1940ዎቹ አስናቀች ወርቁ ወደ መድረክ ስትወጣ የደረሰባትን ስድብና መገለል የሚያውቅ ያውቀዋል። እርስዋ ግን ክራርዋን ሳትጥል ኖረች፤ በ2004 ዓ.ም. ስታርፍ አገር አለቀሰላት። ሰው በሕይወት ሳለ አንቋሽሾ ሲሞት ማልቀስ ልማድ የሆነብን ለምን እንደሆነ እንጃ።

የቴያትር ጥበባት ትምህርት በዩኒቨርሲቲው በ1971 ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን፣ ትምህርት ቤቱ ዛሬ በዮፍታሔ ንጉሤ ስም ይጠራል። የተማሪዎች ተውኔት አንዳንዴ ጥሬ ነው፤ ድምፅ የማይሰማበት፣ መብራቱ ከተዋናዩ የሚቀድምበት ጊዜ አለ። ቢሆንም በከተማው ትልልቅ ቴያትር ቤቶች የማይደፈር ነገር የሚሞከረው እዚያ ነው። ለሕፃናት የማይስማማ ትዕይንት ሊኖር ስለሚችል ግን አስቀድሞ ስለ ይዘቱ መጠየቅ ይገባል። ትርዒቱ ማታ ከሆነም ወጣት ሴቶች ብቻቸውን ከሚመለሱ ሁለት ሦስት ሆነው ቢሄዱ፣ ወይም ትራንስፖርት ሳይጠፋ የሚያልቀውን የቀኑን ዝግጅት ቢመርጡ መልካም ነው።

ወጪውን በተመለከተ፣ የተመራቂዎችን ዐውደ ርእይ ለማየት ከታክሲና ከልጆች ዳቦ በቀር ብዙ አያስፈልግም፤ ለሙዚየሙ የመግቢያ ክፍያ አለ። በግቢው በር ፍተሻ ስላለ መታወቂያ መያዝ፣ ስለታም ነገር ከቦርሳ ማውጣት ያስፈልጋል። ፎቶግራፍ ከማንሣት በፊት ማስፈቀድ፣ ልጆችም ሥዕሉን በእጃቸው እንዳይነኩ ከቤት ሳሉ መንገር ይገባል፤ ያልደረቀ የዘይት ቀለም ከልብስ አይለቅምና። ሙዚየም ለእድሳት የሚዘጋበት፣ የትርዒት ቀንም የሚለወጥበት ጊዜ ስላለ ከመነሣት በፊት ስልክ መደወል ወይም በበሩ ያለውን የማስታወቂያ ሰሌዳ ማየት ከንቱ መመላለስን ያድናል። የሙዚየሙ ሕንጻ ደረጃ ስለሚበዛበት ጨቅላ የያዘች እናት ከጋሪ ይልቅ አንቀልባ ብትይዝ ይቀልላታል።