ከዘነበወርቅ እስከ ሳነቴ፦ የሦስት ቀን የመኪና ጉዞ ዕቅድና ፊዚክሱ

በዓል ዓርብ ወይም ሰኞ ሲውል ሦስት ተከታታይ የዕረፍት ቀናት ይገኛሉ። ቤተሰብ ወይም ጓደኛሞች ተሰባስበው ብሔራዊ ፓርኮችንና ታሪካዊ ቦታዎችን ለመጎብኘት ሲያቅዱ ብዙ ጊዜ የሚመክሩት ስለ ስንቅና ስለ ገንዘብ ነው። ይሁን እንጂ የጉዞውን ስኬትና የተጓዦቹን ደኅንነት የሚወስኑት ርቀት፣ ፍጥነት፣ ከፍታና የቀን ብርሃን ናቸው። እነዚህን ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። ለምሳሌ ይሆነን ዘንድ ከአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል፣ ከዘነበወርቅ ተነስቶ እስከ ባሌ ተራሮች የሚደርስ ጉዞ እንመልከት።

ረጅሙን ዕረፍት አስቀድሞ ማወቅ

የኢትዮጵያ ዓመት 365 ቀናት አሉት። 365 ለ7 ሲካፈል ቀሪው 1 ስለሆነ በቋሚ ቀን የሚውል በዓል በየዓመቱ በአንድ ዕለት ወደፊት ይገፋል። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን 6 ስትሆን ግን ተከታዩ በዓል በሁለት ዕለት ይገፋል። የካቲት 23 ቀን የሚከበረው የዓድዋ ድል በዓል በ2018 ዓ.ም. የሚውለው ሰኞ ነው፤ በ2019 ማክሰኞ፣ ጳጉሜን 6 ካለፈች በኋላ በ2020 ሐሙስ፣ በ2021 ደግሞ ዓርብ ይሆናል። ወቅቱ በጋ በመሆኑ ለባሌ ጉዞም ተስማሚ ነው።

መንገዱ

ከዘነበወርቅ በአየር ጤና በኩል ወጥተን ዓለም ገና ስንደርስ የጅማውን መንገድ ትተን ወደ ቡታጅራ እንታጠፋለን። በመጀመሪያ የምናገኘው አዋሽ ወንዝ ዳር ያለው መልካ ቁንጥሬ ነው። በዚህ ስፍራ ከ1.5 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ያስቆጠሩ የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የባልጩት ድንጋይ መገኛ የሆነው አካባቢም አብሮ ተካትቷል። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1980 የተመዘገቡት 36ቱ የጢያ ትክል ድንጋዮች አሉ። ከቡታጅራ ወደ ባቱ (ዝዋይ) ወርደን አብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክን እንጎበኛለን። ከዚያም በሻሸመኔና በዶዶላ አልፈን የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ወደሚገኝበት ዲንሾ እንወጣለን። ርቀቱ በጥቅሉ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

አማካይ ፍጥነት ያታልላል

ከ400 ኪሎ ሜትሩ ግማሹን በሰዓት 80፣ ግማሹን ደግሞ ከተሞች፣ ከብቶችና ጠመዝማዛ ዳገቶች ስላሉ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ተጓዝን እንበል። ብዙ ሰው አማካዩን 60 ነው ይላል። ነገር ግን የመጀመሪያው 200 ኪሎ ሜትር 2.5 ሰዓት፣ ሁለተኛው 5 ሰዓት ይፈጃሉ፤ ድምሩ 7.5 ሰዓት፣ አማካዩም ወደ 53 ኪሎ ሜትር ብቻ ይሆናል። ምክንያቱም በዝግታ በሚታለፈው መንገድ ላይ የምንቆይበት ጊዜ ረጅም ነው። የባከነውን ጊዜ በኋላ በመፍጠን ማካካስም አይቻልም፦ 100 ኪሎ ሜትርን በ80 ፈንታ በ100 ብንነዳ የምናተርፈው 15 ደቂቃ ብቻ ሲሆን፣ የአየሩ ተቃውሞ ግን ከ1.5 እጥፍ በላይ ያድጋል።

በአገራችን የቀን ብርሃን ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት እምብዛም አይርቅም። ለመንገዱ 7.5፣ ለመልካ ቁንጥሬና ለጢያ 2፣ ለምሳ 1፣ ለሻላ 1.5 ሰዓት ብንመድብ ድምሩ ልክ 12 ሰዓት ይመጣል። አንድ ጎማ ቢተነፍስ እንኳ የመጨረሻው ዳገት በጨለማ የሚታለፍ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ዲንሾ ለመድረስ ማቀድ አይገባም፤ ላንጋኖ ወይም ሻሸመኔ ማደሩ ይመረጣል።

ጨለማን የምንፈራበት ምክንያት

በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ 1 ሰከንድ ቢወስድበት 22 ሜትር አልፏል። በደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬኑ በሰከንድ ስኩዌር 7 ሜትር ቢያዘገይ መኪናው የሚቆመው ከተጨማሪ 35 ሜትር በኋላ ነው። ድምሩ 57 ሜትር ነው። በ100 ኪሎ ሜትር ግን ይኸው ርቀት ወደ 83 ሜትር ያድጋል፤ የእንቅስቃሴ ጉልበት ከፍጥነት ስኩዌር ጋር ያድጋልና። ከፊት የሚመጣን ሾፌር ላለማወር ዝቅ የተደረገ መብራት በግልጽ የሚያሳየው ከ40 እስከ 60 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ሌሊት በ80 የሚነዳ ሾፌር አስፋልት ላይ የተኛችን ላም ወይም መብራት የሌለውን ጋሪ የሚያየው ለማቆም ከመሸበት በኋላ ሊሆን ይችላል። የሾፌርነት ልምድ ይህን ስሌት አይለውጠውም።

ሁለት ሐይቆች፣ ሁለት ዕጣዎች

አብያታና ሻላ ጎን ለጎን የሚገኙ፣ መውጫ ወንዝ የሌላቸው ሐይቆች ናቸው። የሚገባው ውኃ የሚወጣው በትነት ብቻ ስለሆነ ጨው እየተጠራቀመ ይሄዳል። ሻላ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛና 266 ሜትር ጥልቀት ያለው ነው። አብያታ ግን ዝርግና ጥልቀት የሌለው ነው። ከሁለቱም እኩል የውኃ ከፍታ ቢቀነስ የሻላ ዳርቻ ብዙም አይንቀሳቀስም፤ የአብያታ ግን በጣም ይሸሻል። ለመስኖ ከላይ የሚጠለፈው ውኃና ለሶዳ አሽ ምርት የሚቀዳው የአብያታን ሚዛን አዛብተውታል። ሐይቁ ሲሸሽ ጨዋማነቱ ጨመረ፤ ዓሣው ጠፋ፤ በሻላ ደሴት ላይ የሚራቡት ይብራዎችም ቅርብ መመገቢያቸውን አጡ። ጎብኚ በዳርቻው የሚያየው ሰፊ ነጭ ሜዳ ትናንት የሐይቅ ወለል የነበረ ነው። ቅርፊቱ ሰውን ቢሸከምም ከሥሩ ያለው ጭቃ መኪናን ሊውጥ ስለሚችል በእግር መሄድ ይገባል።

ሽቅብ ወደ ሳነቴ

ዘነበወርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከሳነቴ አምባ በላይ የሚታየው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ በጫፉ ላይ ከዘነበወርቅ ወደ 13 ዲግሪ የሚያንስ ሙቀት እንጠብቃለን። በበጋ ሌሊት ደግሞ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። የአየሩ ግፊት ከዘነበወርቁ በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ሳንባችን በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅንም እንዲሁ። ተርቦ የሌለው ሞተርም በተመሳሳይ መጠን ይደክማል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የተሰማው ሰው መፍትሔው ወደ ታች መውረድ ነው። ለዚህም ነው ሳነቴን ቀን ጎብኝቶ ጎባ ወርዶ ማደር የሚመከረው።

ውኃ በዘነበወርቅ በ92፣ በቱሉ ዲምቱ ደግሞ በ86 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተር ክዳን ግፊትን አፍኖ የመፍያ ነጥቡን ከፍ ያደርጋል። ሞተሩ እንደጋለ ክዳኑ ቢከፈት ግፊቱ በቅጽበት ስለሚወርድ ውኃው ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። ስለ ጎማስ? የውጭው ግፊት መቀነስ የጎማውን ንባብ ከፍ ያደርገዋል፤ ቅዝቃዜው ደግሞ ዝቅ ያደርገዋል። ስሌቱ ሲሠራ ሁለቱ ይቀራረባሉ። ስለዚህ ዳገት ላይ ጎማ ማስተንፈስ አያስፈልግም፤ ከመነሳት በፊት ጎማው ሳይግል መለካት በቂ ነው።

በዚህ ከፍታ የሚጠብቀን ሽልማት ቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ ሲሆኑ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ይኖራሉ። ፓርኩም እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቀይ ቀበሮ ፍልፈልና አይጥ የሚያድነው በቀን ስለሆነ ለማየት ትዕግሥትና ዝግታ ይበቃል።

ቁልቁለቱ

ከነጭነቱ 2,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ ወደ 20 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ እምቅ ጉልበት ይለቃል። ይህ በዘነበወርቅ 65 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ሾፌሩ ዘወትር ፍሬን የሚረግጥ ከሆነ ከዚህ ሙቀት አብዛኛው በፍሬኑ ላይ ያርፋል፤ ከመጠን በላይ የጋለ ፍሬንም አይዝም። በከባድ ማርሽ መውረድ ማለት ይህን ጉልበት ለሞተሩ ማካፈል ነው።

እንግዲህ ዕቅዱ ይህን ይመስላል፦ በመጀመሪያው ቀን መልካ ቁንጥሬ፣ ጢያና ሻላ፤ በሁለተኛው ዲንሾና ሳነቴ፣ አዳር ጎባ፤ በሦስተኛው ያለ ተጨማሪ ጉብኝት መመለስ። ከጧቱ 12 ሰዓት ከጎባ የተነሳ ከ8 ሰዓት በላይ ይነዳል፤ ለምሳና ለድንገተኛ ችግር 3 ሰዓት ያህል ይተርፈዋል። ይህ ትርፍ ጊዜ ለሌላ ነገር መዋል የለበትም። ከመነሳት በፊትም የመንገዱን ደኅንነትና ፓርኮቹ ጎብኚ የሚቀበሉ መሆናቸውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ውድ አንባቢ፣ ቀጣዩን ዕረፍት በሌላ አቅጣጫ ለማሳለፍ ካሰብህ ወይም ካሰብሽ ርቀቱን፣ ፍጥነቱንና የቀኑን ብርሃን በወረቀት ላይ አስፍሮ መደመር ይቅደም። ድምሩ ከ12 ሰዓት ከበለጠ መቀነስ ያለበት የሚጎበኙት ቦታዎች ቁጥር ነው፤ ፍጥነት መጨመር መፍትሔ አይሆንም።