ምጣዱ ሲግል ገመዱ ለምን አይግልም?

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲበራ እንጀራ እስኪያወጣ ድረስ ይግላል። ከግድግዳው እስከ ምጣዱ የተዘረጋው ገመድ ግን ጤነኛ ከሆነ ቢዳሰስ ለብ ከማለት አያልፍም። በሁለቱ ውስጥ የሚያልፈው ኮረንቲ አንድ ነው፤ የሚለያዩት በተሠሩበት ነገር ነው።

ኮረንቲ የኤሌክትሮኖች ጉዞ ነው። በመዳብ ውስጥ ከእያንዳንዱ አቶም አንድ ያህል ኤሌክትሮን ተላቆ እንደ ልቡ ይንቀሳቀሳል፤ መዳብ ኮረንቲን በቀላሉ የሚያሳልፈው ለዚህ ነው። በገመዱ ሽፋን ፕላስቲክ ውስጥ ግን ኤሌክትሮኖቹ ከአቶሞቻቸው ጋር ጥብቅ ብለው ስለተያዙ ኮረንቲ አያልፍም።

ምጣዱን ገልብጠን ብናይ ከሸክላው ሥር በተቀረጹ ቦዮች ውስጥ የተጠማዘዘ ሽቦ እናገኛለን። የሚሠራው እንደ ኒክሮም ካለ ቅይጥ ነው። ኒክሮም በዋናነት ኒኬልና ክሮሚየም ነው። አቶሞቹ ተደበላልቀው ስለተቀመጡ ኤሌክትሮኖቹ መንገዳቸው ይሰናከላል፤ ጉልበታቸውንም ለሽቦው ይለቃሉ። ያ ጉልበት ሙቀት ይሆናል። ርዝመታቸውና ውፍረታቸው እኩል ቢሆን ኒክሮም ኮረንቲን ከመዳብ 60 እጥፍ በላይ ይቋቋማል። ሲግል ላዩ ላይ ስስ የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን ስለሚያበጅ ቀይ ሆኖም አየር ቶሎ አይበላውም።

ሸክላው ደግሞ ሙቀቱን ተቀብሎ ለሊጡ ያደርሳል፣ ኮረንቲውን ግን ያግዳል። ይህ የሚሆነው ሳይሰነጠቅ ሲቆይ ነው። የቦካ ሊጥ ውሃና አሲድ ስላለው ኮረንቲ ያሳልፋል፤ በስንጥቅ ገብቶ ሽቦው ዘንድ ከደረሰ ጋጋሪዋን ኮረንቲ ሊይዛት ይችላል።

አሁን ቁጥሩን እንይ። 3500 ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት ሲሠራ 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ የሽቦው መቋቋም 14 ኦም ገደማ ነው። ይህ ሁሉ ኮረንቲ በሶኬቱና በየመጋጠሚያው በኩል ያልፋል። አንዱ መጋጠሚያ ላልቶ ወይም ዝጎ ግማሽ ኦም ብቻ ቢቋቋም፣ እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ 120 ዋት ያህል ሙቀት ይፈጠራል። ከ100 ዋት አምፖል የሚበልጥ ሙቀት በሶኬት ውስጥ ታምቆ ሲቀመጥ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ቤትም ሊቃጠል ይችላል። እንጀራውን የሚጋግረውና ሶኬቱን የሚያቀልጠው ሕግ አንድ ነው፦ ኮረንቲ በሚያልፍበት መንገድ ላይ መቋቋም ባለበት ሁሉ ሙቀት አለ።

የተበጠሰ ሽቦ ሲጠገንም ይኸው ሕግ ይሠራል። የተጎዳው ክፍል ተቆርጦ የቀረው ሲቀጠል ሽቦው ያጥራል፤ ሲያጥር መቋቋሙ ይቀንሳል፣ የሚስበው ኮረንቲ ይጨምራል። ሩቡ ቢቆረጥ 16 አምፔር የነበረው ወደ 21 ይደርሳል። ምጣዱ «ጎበዝ ሆነ» የሚባለው ያኔ ነው፤ ጭነቱ ግን ገመዱና ሶኬቱ ላይ ወድቋል።

ስለዚህ ምጣድዎን በቀጭን ማከፋፈያ ላይ አይሰኩ፤ ለብቻው የተዘረጋ ወፍራም የመዳብ ገመድና የመሬት መስመር ያለው ሶኬት ይኑረው። የተበጠሰ ሽቦ በልኩ በአዲስ ይተካ፣ የተሰነጠቀ ሸክላ ይቀየር። ጋግረው ሲጨርሱ መጀመሪያ ማብሪያ ማጥፊያውን ያጥፉ፣ ከዚያ መሰኪያውን ነቅለው ይዳስሱት። ትኩስ ከሆነ ሳይጠገን ዳግም አይጋግሩበት።