ሲታይ ትክክል፣ ሲወርድ ስህተት፦ የፕሮግራም ፓች ለምን ይበላሻል?

የኮምፒዩተር ፕሮግራም አንድ ጊዜ ተጽፎ የሚያበቃ ሥራ አይደለም። በየጊዜው ይታረማል፣ ይጨመርበታል፣ ይቀነስለታል። ብዙ ሰዎች አንድን ፕሮግራም በጋራ ሲያዘጋጁ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መስመር እንደለወጠ መዝግቦ የሚይዝ የእትም መቆጣጠሪያ ሥርዓት ያስፈልጋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመሩት ጊትና መርኩሪያል የዚህ ዓይነት ሥርዓቶች ናቸው። መዝገቡን በድረ ገጽ ላይ ለመመልከት የሚያስችሉ ፕሮግራሞችም አሉ፤ ከጊት ጋር የሚገኘው ጊትዌብ አንዱ ነው። እነዚህ መመልከቻዎች አንድን ለውጥ ከማሳየት አልፈው በፋይል መልክ አውጥተው ይሰጣሉ። ይህ ፋይል «ፓች» ይባላል፤ በተቀደደ ልብስ ላይ እንደሚጣፍ እራፊ ልንቆጥረው እንችላለን። በዚህ ጽሑፍ ፓች በሚወጣበት ጊዜ እንዴት እንደሚበላሽና እንዴት እንደሚታረም እንመለከታለን።

የፓች አሠራር

ሁለት ፋይሎችን መስመር በመስመር የሚያወዳድረው ዲፍ የተባለው ፕሮግራም በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1985 ደግሞ ላሪ ዎል ይህን ልዩነት አንብቦ አሮጌውን ፋይል ወደ አዲሱ የሚለውጠውን ፓች የተባለ ፕሮግራም አወጣ።

በፓች ፋይል ውስጥ የተቀነሰ መስመር በ«-»፣ የተጨመረ መስመር በ«+»፣ ያልተለወጠ መስመር ደግሞ በባዶ ቦታ ይጀምራል። ከእያንዳንዱ ክፍል በላይ እንደ @@ -10,6 +10,7 @@ ያለ ራስጌ ይገኛል። ትርጉሙም በአሮጌው ፋይል ከ10ኛው መስመር የሚጀምሩ 6 መስመሮች በአዲሱ 7 ሆነዋል ማለት ነው። ከለውጡ በላይና በታች አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሦስት ያልተለወጡ መስመሮች ይቀመጣሉ፤ እራፊው የሚያርፍበትን ቦታ የሚያመለክቱ ምስክሮች ናቸው።

የስህተቱ ምንጭ

መመልከቻው የሚያከናውናቸው ተግባራት ሁለት ናቸው፤ ማሳየትና ማውጣት። ለማሳየት ሲባል ጽሑፉ መለወጥ አለበት። ለማውጣት ግን አንድም ባይት መነካት የለበትም። አብዛኞቹ ጉድለቶች የሚፈጠሩት ለዓይን የተዘጋጀው ጽሑፍ ለማሽኑ ሲሰጥ ነው።

አንደኛ፣ ድረ ገጽ «<» የሚለውን ምልክት የራሱ ትእዛዝ መጀመሪያ አድርጎ ስለሚወስደው መመልከቻው በአራት ፊደላት ኮድ ይተካዋል። ኮዱ በፓቹ ውስጥ ከቀረ «ያንሳል» የሚለው የሒሳብ ምልክት ከፕሮግራሙ ይጠፋል።

ሁለተኛ፣ ዊንዶውስ የመስመርን መጨረሻ በተለምዶ በሁለት ባይቶች (13 እና 10) ሲያመለክት ዩኒክስ በ10 ብቻ ያመለክታል። መመልከቻው አንዱን በሌላው ከተካ ለዓይን አንድ የሆኑ መስመሮች ለማሽኑ የተለያዩ ይሆናሉ።

ሦስተኛ፣ የመጨረሻው መስመር የመስመር ማብቂያ ምልክት ከሌለው ዲፍ ይህንኑ በተለየ ማስታወሻ ይገልጻል። መመልከቻው ማስታወሻውን ከዘለለ በፋይሉ ላይ ያልነበረ ባይት ይጨመራል።

አራተኛው እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ ሦስት ባይት ይይዛል፤ ለምሳሌ «ሀ» 225፣ 136 እና 128 ነው። መመልከቻው ጽሑፉን ላቲን-1 ነው ብሎ ገምቶ እንደገና ወደ ዩቲኤፍ-8 ከለወጠው ሦስቱ ባይቶች ስድስት ይሆናሉ፤ አማርኛውም የማይነበብ ይሆናል።

ዝምተኛው ስህተት

ምስክሮቹ መስመሮች ከተበላሹ የፓች ፕሮግራሙ ብዙውን ጊዜ አልቀበልም ይላል። ይህ መልካም ነው፤ ጉድለቱ ይታወቃልና። አሳሳቢው ተቀባይነት የሚያገኘው ብልሽት ነው። አዲስ ፋይል የሚጨምር ፓች ምስክር መስመር ስለሌለው የተበላሸ ፊደል ሳይመረመር ይገባል። በራስጌው ላይ ያለው የመስመር ቁጥር ሲሳሳት ደግሞ የፓች ፕሮግራሙ የሚመሳሰሉ መስመሮችን በአቅራቢያው ይፈልጋል። የሁለት ተወዛዋዥ አካላትን እንቅስቃሴ የሚያሰላ ፕሮግራም ለሁለቱም ተመሳሳይ መስመሮች ቢኖሩት ለአንደኛው የታሰበው የሰበቃ እርማት በሁለተኛው ላይ ሊያርፍ ይችላል። ፕሮግራሙ ያለ ቅሬታ ይሠራል፤ ግራፉም ያምራል፤ ውጤቱ ግን የሌላ ሥርዓት ነው። ስሌቱን መሠረት አድርጎ የሚጻፈው የምርምር ጽሑፍም ስህተቱን ይወርሳል።

እርማቱ

መፍትሔው የተበላሹትን ምልክቶች አንድ በአንድ መልሶ መተካት አይደለም። አንዱ ሲጠገን ሌላው ይቀራልና። ፓቹ ለማሳያ ከተዘጋጀው ጽሑፍ ሳይሆን በመዝገቡ ከተቀመጡት ባይቶች በቀጥታ መውጣት፣ ሁለቱ መንገዶችም ከመነሻው መለየት ይኖርባቸዋል።

የሥራው ትክክለኛነት የሚረጋገጠው በቀላል ሕግ ነው፦ አሮጌው ፋይል ሲደመር ፓች እኩል ይሆናል አዲሱ ፋይል። እኩልነቱም ባይት በባይት መሆን አለበት። በፊዚክስ የኃይል ጥበቃ ሕግ ስሌታችንን እንደሚፈትን ሁሉ ይህም ሕግ መመልከቻውን ይፈትናል። ለፈተናው የሚመረጡት ፋይሎች አስቸጋሪዎቹ ሊሆኑ ይገባል፦ «<» ያለበት፣ የዊንዶውስ መስመር ማብቂያ ያለው፣ መጨረሻው ያልተዘጋ፣ በአማርኛ የተጻፈ።

ለማጠቃለል ያህል፣ ፓችን ከድረ ገጽ የሚያወርዱ አንባብያን በማያ ገጹ ላይ የሚታየውን ጽሑፍ ገልብጠው ከመለጠፍ ይልቅ ጥሬውን ፋይል ቢያወርዱና ውጤቱን ከአዲሱ እትም ጋር ቢያመሳክሩ ከብዙ ድካም ይድናሉ። ለዓይን አንድ የሆነ ሁሉ ለማሽን አንድ አይደለምና።