29 ጎል ከ25 በስንት ይበልጣል?

በ2013 ዓ.ም የኢትዮጵያ ቡናው አጥቂ አቡበከር ናስር በፕሪሚየር ሊጉ 29 ጎል አስቆጥሮ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ከዚያ በፊት ክብረ ወሰኑ በ2009 ዓ.ም ለደደቢት 25 ያገባው የጌታነህ ከበደ ነበር። ቁጥሩ ተሰበረ፤ ማን ይበልጣል የሚለው ክርክር ግን በቁጥሩ ብቻ የሚዘጋ አይደለም።

የአቡበከር ዓመት እንደ ሌሎቹ አልነበረም። በትግራይ ጦርነት ምክንያት ሦስቱ የክልሉ ክለቦች ሳይሳተፉ ቀርተው ሊጉ በ13 ቡድን ተካሄደ። ጨዋታዎቹም በየክለቡ ሜዳ መሆናቸው ቀርቶ ቡድኖቹ አንድ ከተማ ላይ እየተሰባሰቡ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ በተራ ተደረጉ። «ረጅሙን የአውቶቡስ ጉዞ አላየም፤ በባለሜዳው ጩኸት መሀል አልተጫወተም» የሚል ተከራካሪ ሐሰት አልተናገረም። ነገር ግን ያው ሁኔታ በሌላ በኩል አቡበከርን ጎድቶታል። 13 ቡድን ማለት ለአንድ ክለብ 24 ጨዋታ ብቻ ነው፤ ጌታነህ በ16 ቡድን ሊግ ውስጥ 30 ጨዋታ ነበረው። ጎሉ ለክለቡ ጨዋታዎች ሲካፈል የአቡበከር 1.2 ሲሆን የጌታነህ 0.83 ነው። ቡናም በራሱ ደጋፊ ፊት የመጫወቱን ጥቅም አጥቷል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከአራት ጎል የሰፋ ነው ባይ ነኝ።

እንግሊዞች ተመሳሳይ ክርክር ከያዙ መቶ ዓመት ሊሞላቸው ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1925 አንድ አጥቂ ኳስ ሲላክለት ከእሱ ይልቅ ለግቡ የቀረቡ ቢያንስ ሦስት ተጋጣሚዎች ከሌሉ ከጨዋታ ውጪ ይባል ነበር። በዚያ ዓመት ሦስቱ ወደ ሁለት ዝቅ አሉ። በአንደኛ ዲቪዚዮን የተቆጠረው ጎል በአንድ የውድድር ዘመን ከ1,192 ወደ 1,703 ዘለለ፤ የጨዋታው ብዛት ግን ያው 462 ነበር። ተከላካዮች መላ እስኪያበጁ ድረስ አጥቂዎች እንደልባቸው ፈነጩ። በ1927 የሚድልስብሮው ጆርጅ ካምሴል በሁለተኛው ዲቪዚዮን 59 አገባ። በቀጣዩ ዓመት የኤቨርተኑ ዲክሲ ዲን ለመጨረሻው ጨዋታ ሲገባ 57 ላይ ነበር። ተጋጣሚው አርሰናል ነው። ዲን ሁለቱን ቶሎ አስቆጠረ፤ አንዷ በፍፁም ቅጣት ምት ነበረች። ከዚያ በኋላ ጉዲሰን ፓርክ ለረጅም ጊዜ ሲጠብቅ ቆይቶ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ከማዕዘን የተሻገረችውን ኳስ በግንባሩ ገጭቶ 60 አደረሳት። ኧርሊንግ ሃላንድ በ2023 በፕሪሚየር ሊጉ 36 አግብቶ አዲስ ታሪክ ጻፈ ሲባል፣ ዲን በ42 ጨዋታ ዘመን፣ ሃላንድ በ38 ጨዋታ ዘመን መጫወታቸው አብሮ መነገር አለበት። የሕጉ ለውጥም እንዲሁ። እኔ ግን የዲንን 60 በሕጉ ብቻ አላስረዳም፤ በአዲሱ ሕግ የተጫወቱት አጥቂዎች ሁሉ ናቸው፣ በአንደኛው ዲቪዚዮን 60 የደረሰው ግን እሱ ብቻ ነው።

የተለያዩ ሊጎችን በአንድ ሚዛን ለማስቀመጥ የሞከረው የአውሮፓ የወርቅ ጫማ ነው፤ መጀመሪያ ላይም ክፉኛ ተጎዳ። ሽልማቱ ብዛትን ብቻ ይቆጥር ስለነበር በ1987 ሩማንያዊው ሮዲዮን ካማታሩ በ44 ጎል ወሰደው። ብዙዎች ጎሎቹን ስለተጠራጠሩ በ39 ሁለተኛ ለነበረው ኦስትሪያዊው ቶኒ ፖልስተር ኋላ ላይ ሌላ ጫማ ተሰጠው። በ1991 ደግሞ ቆጵሮስ የ40 ጎል ባለቤት አለኝ ብላ ከተከራከረች በኋላ ሽልማቱ ለዓመታት ቆሞ በ1997 በነጥብ ተመለሰ። የአምስቱ ታላላቅ ሊጎች ጎል በ2 ይባዛል፤ የተከታዮቹ በ1.5። ማጭበርበሩን ገታው፤ ሌላ በደል ግን አመጣ። በ2025 ቪክቶር ዮከሬሽ ለስፖርቲንግ 39 አግብቶ 58.5 ነጥብ ሲያገኝ፣ ኪሊያን ምባፔ ለሪያል ማድሪድ በ31 ጎል 62 አግኝቶ ወሰደው። ምባፔ አይገባውም አልልም። ፖርቱጋል ውስጥ የገባች ጎል ስፔን ውስጥ ከገባችው ሩብ ያህል ታንሳለች የሚለው ስሌት ግን የትኛው ተከላካይ ላይ፣ በስንተኛው ጨዋታ እንደገባች አይጠይቅም።

በአፍሪካ ዋንጫም ሳሙኤል ኤቶ በስድስት ውድድር ባገባቸው 18 ጎሎች ከላይ ተቀምጧል። አይቮሪኮስታዊው ሎራን ፖኩ 14 ያገባው በሁለት ውድድር ብቻ ነው፤ አምስቱን በ1962 ዓ.ም ሱዳን ላይ 6 ለ 1 በተሸነፍንበት በአንድ ጨዋታ በእኛ መረብ ላይ አሳርፏቸዋል። ያ ሽንፈት ቢያመንም እኔ ፖኩን አስቀድማለሁ። መንግሥቱ ወርቁም በ1954 ዓ.ም ዋንጫውን ስናነሳ በ3 ጎል ከኮከብ አግቢዎቹ አንዱ ሆነ፤ አንዷ በፍጻሜው በተጨማሪ ሰዓት የገባችው አራተኛዋ ናት። ያኔ አራት ቡድን ብቻ ስለነበረ ኢትዮጵያ ሻምፒዮን እስክትሆን የተጫወተችው ሁለት ጨዋታ ነው። ዛሬ ሻምፒዮኑ ሰባት ይጫወታል።