ቃሉ የጣሊያን፣ ዕቃው የጃፓን

ወረታ ውስጥ አንድ ጋራዥ በር ላይ ቆም ብላችሁ አድምጡ። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ካንዴላ። ጎማ የሚለጥፈው ጎሚስታ ነው፤ የመኪናው ደብተርም ሊብሬ። ጣሊያንን በካርታ እንኳ አይቶ የማያውቅ ረዳት መካኒክ ሙያውን የሚለምደው በጣሊያንኛ ቃል ነው። ከዚያ ዞር ብላችሁ የመለዋወጫ ሱቁን መደርደሪያ ተመልከቱ፤ የቶዮታ፣ የአይሱዙ፣ የባጃጅ ዕቃ ነው። ለፔጆ ወይም ለቮልስዋገን የሚሆን ጓርኒሲዮን ብትጠይቁ ባለሱቁ መጀመሪያ ስልኩን ያነሣል። ባሕር ዳር ሊደውል ነው፤ እዚያ ከጠፋም አዲስ አበባ።

«የአውሮፓ መኪና ስስ ነው፣ የእኛን መንገድ አይችልም» የሚለው ማብራሪያ ለእኔ አይዋጥልኝም። ኤንትሬ የሚባለው የፊያት የጭነት መኪና የአውሮፓ ልጅ አልነበረም እንዴ? ያንን ሁሉ ዳገት ለአሥርት ዓመታት ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል። ያቆየው ብረቱ ብቻ ግን አይደለም። ቁጥሩ ብዙ ነበር፣ አንዱ ከሌላው አይለይም፤ ከአንዱ የተፈታው ለሌላው ይገጥማል፤ መካኒኩም ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። ዛሬም ኢቬኮ አዲስ አበባ ውስጥ አምቼ በተባለው ፋብሪካ ሲገጣጠም የኖረ በመሆኑ፣ ባለቤቱ እንደ ሌሎቹ የአውሮፓ መኪና ባለቤቶች ብቻውን አይደለም።

የወረታን ዙሪያ የሚያርሰው የፎገራ ገበሬ ይህን የብዛት ነገር ከሩዝ ያውቀዋል። ሩዝ በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ በመጡ ባለሙያዎች እገዛ የርብና የጉማራ ጎርፍ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ሲሞከር፣ መፈልፈያ ወፍጮ በየደጁ አልነበረም። ለጥቂት ማሳ ብሎ ማን ማሽን ይተክላል? ሜዳው ሩዝ በሩዝ ሲሆን ግን ወፍጮው፣ ነጋዴውና ጫኙ ሳይጠሩ መጡ፤ ወረታም በሩዝ መፈልፈያ ተሞላች። መለዋወጫም እንዲሁ ነው። ባለሱቁ ለከተማው ሁለት ፔጆ ብሎ የውኃ ፓምፕ አያከማችም፤ ዓመት ሙሉ አቧራ ከሚጠጣ ዕቃ ይልቅ በሳምንት አሥር ጊዜ የሚሸጥ የባጃጅ ፍሬን ሸራ ይሻለዋል። አይፈረድበትም።

በዚህ ላይ የዕቃው ዓይነት መብዛት አለ። በአንድ ዓመት የተሠራ አንድ የጀርመን ሞዴል ሁለት ሦስት ዓይነት የፍሬን ዕቃ ሊኖረው ይችላል፤ በሞዴል ስም ብቻ ያዘዘ ሰው የማይገጥም ዕቃ ይመጣለታል። ትክክለኛውን የሚለየው የሻንሲው ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ገብቶ የተፈታ ዕቃ የሚፈልግ ደግሞ ቁጥር ሳይሆን ዕድል ይዞ ነው የሚገባው። ዘመናዊው ሞተር በኮምፒውተር ስለሚመራ መፍቻና መዶሻ ብቻ አይበቃውም፤ የናፍጣ ሞተሩም ውኃ የተቀላቀለበት ነዳጅ አንድ ጊዜ ከጠጣ ኖዝሉን ይዞ ይሄዳል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ብር በገበያ እንዲመራ የተወሰነው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ወር ሳይሞላ 100 ብር አለፈ። ስለዚህ ቀድሞ በ17 ሺህ ብር ይታሰብ የነበረ የ300 ዶላር ዕቃ፣ ቀረጥና ትርፍ ሳይጨመርበት፣ ከ30 ሺህ በላይ ሆነ ማለት ነው። ይህ ጭማሪ የቶዮታውንም ባለቤት ነክቶታል። ልዩነቱ የቶዮታው ባለቤት የቻይናውን ቅጂ፣ የዱባዩን፣ የተፈታውን አማርጦ መሸሽ መቻሉ ነው። የአውሮፓው ባለቤት አንድ በር ብቻ አለው፤ አንድ በር ላይ ቆሞ ደግሞ ዋጋ አይከራከሩም።

ከዕቃው ዋጋ የሚብሰው ግን ቀኑ ነው። ኅዳር መጨረሻ ላይ ሩዝ ታጭዶ ጭነት ሲበዛ፣ በቀን 2,000 ብር የተጣራ የምታስገባ መኪና ቆመች እንበል። ዕቃው ከአዲስ አበባ በአውቶብስ ተጭኖ እስኪመጣ፣ መንገድ ሲዘጋም እስኪከፈት፣ 15 ቀን ብትቆም 30 ሺህ ብር ጠፋ። ይህ ገንዘብ ደረሰኝ ስለሌለው ማንም አይቆጥረውም፤ የዕቃውን ዋጋ ግን ያህላል።

መካኒኮቹ ለዚህ የራሳቸው መፍትሔ አላቸው። ሞተሩን አውጥተው የቶዮታ ይገጥሙበታል። ከውጭ ላንድሮቨር፣ ከውስጥ ቶዮታ። በሥነ ምጣኔ ዓይን ሲታይ መኪናዋን ከብቸኝነት አውጥቶ ከብዙኃኑ መቀላቀል ነውና አልስቅባቸውም። ብቻ የሞተር ቁጥሩን ሊብሬው ላይ ሳያስቀይር የሚነዳት ሰው በሽያጭ ቀን ያለቅሳል።

ከጥር 2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት በመከልከሉ፣ ያሉት የአውሮፓ የነዳጅ የቤት መኪኖች ቁጥር ከእንግዲህ አይጨምርም፤ ማርጀት ብቻ ነው የቀራቸው። አዲስ አበባ ውስጥ በብዛት የምናየው ኤሌክትሪኩ ቮልስዋገን አይዲ 6 እንኳ ስሙ የጀርመን ይሁን እንጂ ቻይና ውስጥ ለቻይና ገበያ የተሠራ ነው። የእሱ ባለቤት ዕቃ ሲጠፋበት ፊቱን የሚያዞረው ወደ ጀርመኗ ቮልፍስቡርግ ሳይሆን ወደ ቻይና ነው።

ይህን ሁሉ አውቆም «ዋጋው ቀነሰልኝ» ብሎ የአውሮፓ መኪና የሚገዛ አለ፤ መብቱ ነው። ቅናሹ ግን የሻጩ ቸርነት አይደለም፤ የሚመጣው የጋራዥ ወጪ አስቀድሞ የተቀነሰበት ዋጋ ነው። ስለዚህ ከመዋዋሉ በፊት የሻንሲውን ቁጥር ይዞ ባሕር ዳር ይሂድ፤ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ነው። የፍሪሲዮን፣ የውኃ ፓምፕና የኖዝል ዋጋ ይጠይቅ፤ በስንት ቀን እንደሚደርስም ይጻፍ። ከዚያ ወረታ ተመልሶ ወረቀቱን ሻጩ ፊት ዘርግቶ ዋጋውን እንደገና ይጀምር።