ስለ ዘመን ፍጻሜ ትንቢትና ስለ ኅሊና ዕረፍት



ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የጨርጨርን ተራራ የወጣ ሰው፣ ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል የነበረችውን ጭሮን ያገኛል። በዚህች ከተማ፣ እንደዚሁም በሂርና፣ በበዴሳ፣ በገለምሶና በሚኤሶ የአዛን ድምፅና የቅዳሴ ዜማ በአንድ ንጋት ይሰማሉ። ከልዩ ልዩ አገር ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ነጋዴና ተማሪ በአንድነት በሚኖርባቸው በእንደነዚህ ያሉ ከተሞች፣ በጋብቻ ወይም በትምህርት ወይም በገዛ ራሱ ምርምር ከተወለደበት ሃይማኖት ወይም ከገባበት የእምነት ማኅበር የሚወጣ ሰው አይታጣም። ስለ መውጣቱ ደግነት ወይም ክፋት መፍረድ የዛሬው ንግግራችን ጉዳይ አይደለም፤ ያ የእያንዳንዱ ሰው የኅሊና ነገር ነው። ልንነጋገርበት የፈለግነው፣ ሰውየው ማኅበሩን ከተወ በኋላ እንኳ እርሱን ስለማይተወው ስለ አንድ ፍርሃት ነው።

ይኸውም ስለ ዓለም ፍጻሜ በተነገረ ትንቢት ምክንያት የሚመጣ ፍርሃት ነው። ሰውየው በቀን በመሥሪያ ቤቱ ተቀምጦ ደብዳቤ ሲያዘጋጅ ትንቢቱን አያስበውም፤ ቢጠይቁትም «አላምንበትም» ይላል። ነገር ግን ሌሊት ምድር ስትንቀጠቀጥ፣ የጦርነት ወሬ ሲሰማ፣ ወይም አንበጣ ሰማዩን ሲሸፍነው፣ «እውነት ቢሆንስ?» የሚል ጥያቄ ከውስጡ ይነሣል። ከዚህም የተነሣ በሁለት ጭንቀት ይያዛል። አንደኛው የፍጻሜው ፍርሃት ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ፍርሃቱ ካልለቀቀኝ ትንቢቱ እውነት ሳይሆን አይቀርም» የሚለው ጥርጣሬ ነው። የሁለተኛው ስሕተትነት በደንብ ከታወቀ የመጀመሪያውም ኃይሉ ይደክማል።

በመሠረቱ የፍርሃቱ አለመልቀቅ የትንቢቱን እውነትነት አያስረዳም፤ የሚያስረዳው ፍርሃቱ እንዴት እንደ ገባ ብቻ ነው። ሩሲያዊው ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ በውሾች ላይ ያደረገው ምርመራ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። ውሻው ድምፅ እየሰማ ምግብ ሲሰጠው ቈይቶ፣ በኋላ ድምፁን ብቻ ሲሰማ ምራቁ መፍሰስ ጀመረ። ድምፁን ያለ ምግብ ደጋግመው ሲያሰሙት ምራቁ ቀረ። ይሁን እንጂ ከጥቂት ዕረፍት በኋላ ድምፁን እንደ ገና ቢያሰሙት፣ ጠፋ የተባለው ልማድ ተመልሶ መጣ። እንግዲህ አንድ ጊዜ የተቀረጸ ልማድ በአዲስ ትምህርት ይሸፈናል እንጂ ፈጽሞ አይፋቅም ማለት ነው። በልጅነቱ ከእናቱ አጠገብ ተቀምጦ ስለ መጨረሻው እሳት የሰማ ሰው ፍርሃቱን የተቀበለው ከሚወደው ድምፅ ጋር ነው። በአርባ ዓመቱ ልቡ ቢደነግጥ፣ ድንጋጤው የትዝታ ነው እንጂ የሚመጣ ነገር ምልክት አይደለም።

ማናቸውም የመንግሥት ሠራተኛ እንደሚያውቀው አንድ ጉዳይ በወሬ አይወሰንም፤ መዝገቡ ወጥቶ ይመረመራል። የትንቢትንም ነገር እንዲሁ ማድረግ ይገባል። በአገራችን ክፉ ነገር በታየ ቍጥር ሰው «ስምንተኛው ሺ ደረሰ» ይላል። በአገራችን የዘመን አቈጣጠር ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ይቈጠራል። በዚህ ስሌት ሰባተኛው ሺ የተፈጸመው በ1500 ዓ.ም. ነው። ስምንተኛው ሺ በ1501 ዓ.ም. ገብቷል፤ የሚፈጸመውም በ2500 ዓ.ም. ይሆናል። «ደረሰ» እየተባለ የሚፈራው ዘመን ከገባ ከ500 ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው። የሽምብራ ኩሬ ጦርነት በ1521 ዓ.ም. የተደረገው በእርሱ ውስጥ ነው። ጎንደር የተመሠረተችው፣ የዐድዋ ድል የተገኘው፣ የምድር ባቡሩም በሚኤሶ በኩል ወደ አዲስ አበባ ያለፈው በስምንተኛው ሺ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ የነበሩ አባቶቻችን ሁሉ ተወልደው፣ አርሰው፣ ልጆች አሳድገው ያለፉበት ዘመን እርሱ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በሩሲያ የፋሲካ በዓል የሚውልበትን ቀን የሚያሳየው ሠንጠረዥ በእነርሱ ቍጥር በ7000 ዓመተ ዓለም፣ ማለት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1492 ላይ ያበቃ ነበር፤ ብዙዎችም የዓለም መጨረሻ እንደሚሆን ጠብቀው ነበር። ዓመቱ ሲያልፍ የቤተ ክርስቲያኑ አለቆች የሚቀጥሉትን ዓመታት አስልተው ጨመሩበት። በአሜሪካ የዊልያም ሚለር ተከታዮች በአውሮፓ አቈጣጠር ጥቅምት 22 ቀን 1844 ጌታ ይመጣል ብለው ሲጠብቁ፣ አንዳንዶቹ ሰብላቸውን ሳይሰበስቡ ቀሩ። ቀኑ ግን እንደ ሌላው ቀን መሽቶ ነጋ። ሃሮልድ ካምፒንግ የተባለው የራዲዮ ሰባኪም በአውሮፓ አቈጣጠር ለግንቦት 21 ቀን 2011 የነገረው ትንቢት ሳይፈጸም ሲቀር ቀኑን ወደ ጥቅምት አዛወረው። በሚቀጥለው ዓመት ግን መሳሳቱን ራሱ በጽሑፍ አመነ።

ቀኑ ካለፈ በኋላ ትንቢቱ ለምን አይሞትም? ሊዮን ፌስቲንገር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅና ባልደረቦቹ በአውሮፓ አቈጣጠር በታኅሣሥ 1954 የጥፋት ውኃ ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ አንድ ማኅበር በቅርብ ተመልክተው ነበር። ውኃው ሳይመጣ ሲቀር ከማኅበሩ ብዙዎቹ «በእኛ ታማኝነት ዓለም ዳነ» ብለው ከፊት ይልቅ መስበክ እንደ ጀመሩ ጻፉ። ብዙ ነገር የሠዋ ሰው በከንቱ ሠዋሁ ማለት እጅግ ይከብደዋል። ስለዚህ ከማኅበሩ የወጣ ሰው የወዳጆቹን ጽናት አይቶ «እነርሱ ካልተጠራጠሩ እኔ ተሳስቼ ይሆን?» ቢል፣ ጽናት ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን ማስታወስ አለበት።

ስለ ምልክቶችም እንዲሁ ነው። በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ጀምሮ ለብዙ ወራት በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ ምድር ደጋግማ ተንቀጠቀጠች፤ በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችም ከቀያቸው ተነሥተው ወደ ሌላ ስፍራ ሄዱ። የጨርጨር ተራራ የስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ግድግዳ ስለሆነ ነገሩ ለጭሮ ሰው የሩቅ ወሬ አልነበረም። የነገሩ ምክንያት ግን የቀለጠ ዐለት ከምድር በታች ስንጥቁን እየሞላ መግፋቱ ነው። ስምጥ ሸለቆው በዚህ ዓይነት ሲሰፋ የኖረው ሰው ትንቢት መናገር ከመጀመሩ ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የገባው ደስታ በሽታ የአገራችንን ከብት ሲፈጅና «ክፉ ቀን» የተባለው ረኀብ ሲከተል፣ ፍጻሜው የደረሰ ያልመሰለው ጥቂት ሰው ነበር። ይሁን እንጂ ያ በሽታ በክትባትና በትጋት በ2003 ዓ.ም. ከምድር ገጽ መጥፋቱ ተበሠረ። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ሕዝብ የፈጀውም ወረርሽኝ አልፎ፣ ዛሬ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የሚቃጠልበትን የጽዳት ልማድ ትቶልናል።

ይህን ፍርሃት ቀላል ነገር ነው ብሎ መናቅ አይገባም። በኡጋንዳ በካኑንጉ፣ የተነገረው ቀን ሳይፈጸም ካለፈ በኋላ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በመጋቢት 2000 በመቶ የሚቈጠሩ ምእመናን በተዘጋ ቤት ውስጥ በእሳት አለቁ። በጎረቤታችን በኬንያ በሻካሆላ ጫካ፣ እየጾሙ በመሞት ከፍጻሜው በፊት ወደ ሰማይ ይደረሳል ተብለው ከተሰበኩት ሰዎች በ2023 ከ400 በላይ አስከሬን ከመሬት ወጥቷል። እንዲህ ያለ ጥፋት ባይደርስም በጸጥታ የሚደርስ ጕዳት አለ። «ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ቤት ሳይሠራ፣ ትዳር ሳይዝ፣ ልጁን በትምህርት ሳያጸና ዕድሜውን የሚያሳልፍ ሰው፣ ዓለም ሳትጠፋ የገዛ ኑሮው ይጠፋበታል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ትንቢቱን በወረቀት ላይ መጻፍ ነው፤ ማን ተናገረው፣ ለየትኛው ቀን፣ ምን ይሆናል አለ፣ ምንስ ሆነ? አዲስ ትንቢት ሲሰማም ቀኑን ጽፎ ማስቀመጥና ቀኑ ሲያልፍ ወረቀቱን ማውጣት ይጠቅማል። ሁለተኛ፣ ሌሊት ለተነሣ ጥያቄ ሌሊት መልስ አለመስጠት ነው፤ ጠዋት በብርሃን ሲመረመር ብዙው ይቀልላል። በየስልኩ የሚሠራጨውን የፍጻሜ ስብከት እየፈለጉ ማዳመጥም ፍርሃቱን መቀለብ ነው። ሦስተኛ፣ ማኅበርን የተወ ሰው ወዳጅንም ስላጣ ብቸኝነቱ ፍርሃት መስሎ ሊታየው ይችላል። ስለዚህ በእድርና በጕርብትና አዲስ ወዳጅነት ያብጅ፤ በእምነቱ የጸናችውን እናቱን ግን አይዝለፍ። ዕንቅልፍ ማጣቱና የልብ ምቱ ለብዙ ሳምንት ከቀጠለ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ጭንቀት የሚታከም ሕመም ነውና የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

በእምነቱ ለጸናውም ሰው ቢሆን በወንጌልም በቁርአንም የመጨረሻይቱ ሰዓት ዕውቀት የፈጣሪ ብቻ መሆኑ ተነግሯል። ሐዋርያው ጳውሎስ ፍጻሜው ቀርቧል ብለው ሥራ የፈቱትን የተሰሎንቄ ሰዎች ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ገሥጿቸዋል። በእስልምናም በሐዲስ፣ ሰዓቲቱ ስትመጣ በእጁ ችግኝ ያለ ሰው መትከል ከቻለ እንዲተክል ታዟል።

የጨርጨር ገበሬም የቡና ችግኝ ሲተክል ፍሬውን ለማየት ሦስትና አራት ዓመት መጠበቅ እንዳለበት ያውቃል። ጨርጨርን ያስተዳደሩት በጅሮንድ ተክለ ሐወርያት ተክለ ማርያምም አሰበ ተፈሪን በዕቅድ ሲያሠሩ፣ እርሳቸው በማያዩት ዘመን ለሚኖር ሕዝብ ጭምር አስበው ነው። ፍርሃቱ አልፎ አልፎ ቢመጣ ይምጣ፤ የነገውን ሥራ ግን እንዲያስፈታን አንፍቀድለት።